የባሱ ቁልፍ እምቢ ያለ ዕለት

በዚያ ቀን በግቢው ውስጥ የነበርነው ስድስት ነን። የቤቱ ባለቤት ሃጃ። ባሱን የሚነዳው ታናሽ ወንድሟ። ሊጠግን የተጠራው ሽማግሌ ሙሐንዲስ፤ እዚያ አገር መካኒኩን ሁሉ ሙሐንዲስ ይሉታል። እኔ። ሰባት ዓመት የሞላት ልጄ። ከእኔ ጋር ወጥ ቤት የምትሠራው ያገሬ ልጅ። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ነገሩ ኋላ ሲወራ ጎረቤቱ ሁሉ እዚያ ነበርኩ ስላለ ነው። ጎረቤት አልነበረም። የግቢው በር ዝግ ነበር፤ የተደረገውን ያደረግነው እኛው ነን።

ቤቱ ብሬቃ ነው፣ ከነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኞች ቤቶች በስተጀርባ። ሁለቱ የመኖች አንድ ከሆኑ ቆይተዋል፤ የኋለኛው ጦርነት ግን ገና አልመጣም። ሃጃ ምሳ እያበሰለች ታቀርብ ነበር። ራስ ኢምራን ላይ የዓሣ መጋዘን የሚገነቡ ሠራተኞች ነበሩና ለእነሱ በየቀኑ ሩዝና ዓሣ በትልልቅ ድስት እንወስዳለን። ባሱ አሮጌ ነው። የኋላ ወንበሮቹ ወልቀው ድስት ይጫንበታል። ድስቶቹ እንዳይንሸራተቱ ከኋላ ቁጭ ብዬ የምይዛቸው እኔ ነኝ። ልጄን የምተዋት ሰው ስለሌለኝ አብራኝ ትሄዳለች። የጎኑ በር በየጉድጓዱ ይከፈት ስለነበር በሻሼ ጫፍ ከወገቤ ጋር አስራታለሁ። ወንድምየው በዚህ ይስቅብኛል። ፍየል ነው የያዝሽው ይለኛል።

ያገሬ ልጅ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። በጀልባ የመጣችው ሳዑዲ እገባለሁ ብላ ነበር። በመንገድ ላይ ምን እንዳደረጓት አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ብቻ ከኋላው ክፍት የሆነ የጭነት መኪና በበሩ ሲያልፍ የያዘችው ዕቃ ከእጇ ይወድቃል። ወረቀት የላትም። ከሃጃ ቤት በቀር የምትጠጋበት አንድ በር አልነበራትም። ይህን ሃጃ ታውቃለች፣ ወንድሟም ያውቃል፣ ከሁሉም ይበልጥ እኔ አውቃለሁ፤ አንድ ምንጣፍ ላይ ነው የምንተኛው። እኔን እትዬ ትለኛለች። የልጄን ፀጉር የምትሠራው እሷ ነበረች፤ እኔ ስሠራት ታለቅሳለች፣ እሷ ስትሠራት እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።

ባሱ ከራስ ኢምራን ሲመለስ ድስቶቹን አጥባ፣ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን መረቅ የምትጠርገው እሷ ናት። የኋላውን በር እንድትከፍት ወንድምየው ቁልፉን ይሰጣታል፣ ስትጨርስ ትመልስለታለች። ስለዚህ ቁልፉ በየቀኑ ለጥቂት ጊዜ በእጇ ይቆያል።

አሁን ያልተናገርኩትን ልናገር። ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ከሰዓት፣ ያገሬ ልጅ ውሃ ልትቀዳ በሄደችበት፣ ልጄን በነጂው ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የማንኪያ እጀታ በቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ ከትታ ትጠመዝዛለች። በአፏ እንደ ሞተር ትጮሃለች። ማንኪያውን ነጠቅኳት፣ ጭኗን ቆነጠጥኳት፣ ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጨለማ ነው፣ ምንም አይታይም። ማንኪያውን አጥቤ ከሌሎቹ ማንኪያዎች ጋር ቀላቀልኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ድስቶቹ ተጭነው ወንድምየው ቁልፉን ቢከት ቁልፉ አልዞር አለ። ይገባል፣ ይወጣል፣ አይዞርም። ነቀነቀው፣ ሰደበው፣ መሪውን በጡጫ መታው። እኔ ከኋላ ድስት እንደያዝኩ ነበርኩ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። እጄን አፏ ላይ አደረግኩ።

ሙሐንዲሱ የሚኖረው ሁለት ቅያስ አልፎ ነው። በወጣትነቱ ሁጀይፍ ወደብ ላይ የእንግሊዞቹን ማሽን ይጠግን ነበርና እስከዚያን ጊዜ ድረስ በእነሱ ቃል መናገር ይወዳል። መጣ፣ ሻይ ጠየቀ፣ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያወዛወዘ ቁልፉን ሞከረ። አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የቁልፉ ሳይሆን መሪው ተወጥሮ የያዘው ነው፣ ሲላላ ይለቃል አለ። አልለቀቀም። በቀዳዳው ነፋበት። ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ ለመሳቅ ያህል፣ እዚህ ውስጥ የሰው እጅ አለበት አለ።

ወንድምየው፣ የጂን ይሆናል አለው።

ሽማግሌው፣ ባሕር ዳር ያለ ጂን መኪና ምን ያደርግለታል፣ ጀልባ አለው አለ።

«ይህኛው ከሐበሾቹ ጋር የመጣ ነው» አለ ወንድምየው።

ሁለቱም ሳቁ። ሃጃ ግን አልሳቀችም። እሷ የሰማችው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፣ የሰው እጅ የሚለውን። ፀሐዩ ከፍ እያለ ነው፣ ሩዙ በድስቱ ውስጥ እየረጠበ ነው፣ ምሳ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ትናንት ቁልፉ በማን እጅ እንደነበር ጠየቀች። ወንድሟ በአገጩ ወደ ያገሬ ልጅ አመለከተ። ያገሬ ልጅ ወለሉን ጠርጌ፣ በሩን ቆልፌ፣ ቁልፉን መልሻለሁ፣ የፊቱን ወንበር አልነካሁም አለች። እውነቷን ነው። ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ በሩን ክፍት መተዋን አልተናገረችም፤ አላስታወሰችውም ይሆናል። እኔ አስታውሼ ነበር።

ሙሐንዲሱ የተጠባባቂ ቁልፍ እንዳለ ጠየቀ። «ስፔር» ነው ያለው። ሃጃ በሳጥኔ አለ፣ ግን አሁን አላመጣም አለች፤ አንዱን ያበላሸ ሁለተኛውን እንዲያይ አልፈልግም። ሄዳ ያመጣችው ሌላ ነው። በአረንጓዴ ጨርቅ የተጠቀለለውን ቁርኣን አምጥታ በትንሿ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና፣ ሁለታችሁም ቧንቧው ጋ ታጥባችሁ፣ ውዱእ አድርጋችሁ እጃችሁን ጭናችሁ ማሉ አለች። ወንድሟን ማል አላለችውም።

ከቧንቧው እስከ ጠረጴዛው ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። በዚያ ሃያ እርምጃ ውስጥ ቃሌን መርጬ ጨረስኩ። እጄን ጨርቁ ላይ አድርጌ፣ ወላሂ፣ ያን ቁልፍ ነክቼው አላውቅም አልኩ። ውሸት የለበትም። ስለ ማንኪያ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ተራው የያገሬ ልጅ ሆነ። ወደ ቧንቧው አልሄደችም። እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ቆመች።

«በአፌ ልማል» አለች።

«እጅሽን ጫኚ» አለቻት ሃጃ።

«አልችልም፣ ያ ሃጃ።»

«ለምን አትችዪም?»

ያገሬ ልጅ ወደ እኔ ተመለከተች።

እኔ ለምን እንደማትችል አውቃለሁ። የወር አበባዋ ላይ ነበረች። ሦስት ቀን ሆኗት ነበር፣ ጎህ ሲቀድ ለሱብሂ ሶላት ብቻዬን ነበር የምነሳው። እኛ አገር ሴት በዚያ ጊዜዋ ቁርኣን አትነካም፤ ከምትነካ እጇ ቢቆረጥ ይሻላታል። ይህንንም ሁለት ወንዶች ባሉበት ከምትናገር ምድር ብትውጣት ይሻላታል። ሃጃ ሴት ናት። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ አንዲት ቃል ሹክ ብላት ይበቃ ነበር። አንዲት ቃል። ግን ያገሬ ልጅ ነፃ ብትወጣ ሃጃ ቀጥላ የምትጠይቀው፣ ሌላ ማን ባሱ ውስጥ ነበር ብላ ነው። ልጄ ከኋላዬ ቀሚሴን ይዛ ቆማለች። ላቧ ቀሚሴን አርሶት ነበር።

ሩዙ ላይ ዝንብ እያረፈ ነው አልኩና ክዳኑን ላስተካክል ወደ ድስቶቹ ዞርኩ።

ከኋላዬ ሃጃ፣ እውነተኛ ሰው የአላህን ቃል አይፈራም ስትል ሰማሁ። ወንድሟም፣ እጇ ያደረገውን እጇ ያውቃል አለ። ሙሐንዲሱ ከባሱ ውስጥ ሆኖ፣ ቆዩ፣ ገና አልፈታሁትም፣ መጀመሪያ ልፍታው አለ። አንተ ሥራህን ሥራ አለችው ሃጃ። ሽማግሌው ሻዩን አንስቶ ጠጣ።

ጓዟን እንድታወጣ አዘዘቻት። ያላት ሁሉ በአንድ ሻርፕ የሚቋጠር ነው። በሩ አጠገብ ሃጃ ቋጠሮውን አስፈታቻትና ከቤቷ የተወሰደ ነገር እንዳይወጣ አንድ በአንድ እያራገፈች አየች። ሁለት ቀሚስ፣ ማበጠሪያ፣ አንድ የፕላስቲክ ጫማ። ከቀሚሱ እጥፋት ውስጥ ቁራጭ ጨርቆች ወደቁ። ታጥበዋል፣ ግን እድፉ አልለቀቀም። ወንዶቹም አዩ። ያገሬ ልጅ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

የሃጃ እጅ በአየር ላይ ቆመ። ገብቷታል። ጨርቁን አየች፣ ቁርኣኑን አየች፣ ልጅቱን አየች። ግን ውጪ የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ ነበር፣ ወንድሟና ሽማግሌው ሰምተው ነበር። ጨርቆቹን በእግሯ ጫፍ ወደ ቋጠሮው ገፋቻቸውና በሩን ከፈተች።

ያገሬ ልጅ ደጃፉ ላይ ዞር አለች። «እትዬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አለችኝ፣ በአማርኛ።

እኔም ሌሎቹ እንዳይሰሙብኝ በአማርኛ፣ የራስ ኢምራንን መንገድ ይዘሽ ሂጂ፣ ያገር ልጆች አሉ፣ ሃጃ ስትበርድ እኔ እመልስሻለሁ፣ መንገድ ላይ ጠብቂኝ አልኳት። ልመልሳት አስቤ አልነበረም። አፏን ሳትከፍት እንድትሄድልኝ ነው። እንደማያምን ሰው ፊቷ አልተቀየረም፤ አመነችኝ። ቋጠሮዋን በራሷ ላይ አደረገች።

እሷ ከሄደች በኋላ ሃጃ የተጠባባቂውን ቁልፍ ከሳጥኗ አመጣች። ልብስ ብል እንዳይበላው የምታኖረው ካፉር ይሸታል። ሙሐንዲሱ ሁለቱን ቁልፎች በመዳፉ ላይ ጎን ለጎን አስተኝቶ ጠራን። አዲሱ ጥርሱ የቆመ ነው። የወንድምየው ግን ጥርሱ ተበልቶ፣ ተልጎ፣ እንደ ማንኪያ እጀታ ለስልሷል። አንድ ነገር ይህ ነው አለ። ቀጥሎ አዲሱን ከተተውና ሊያዞር ሞከረ። እሱም አልዞረም። «ጥፋቱ የቁልፉ ብቻ ቢሆን ይህኛው ያዞር ነበር» አለ። «ያለቀው ቁልፉ የሚገባበት ቤትም ነው።»

ከዚያ ሲሠራ በዓይኔ ተከታተልኩ፣ ምክንያቱም ከዚያ ቀዳዳ ምን እንደሚወጣ ከእኔ በላይ የሚፈራ አልነበረም። በመሪው ሥር ያለውን ሽፋን ብሎኖች ፈታ። ቁልፉን ከትቶ በጣም በትንሹ ወደ ራሱ ሳበው፣ በግራ እጁ እያዞረ በቀኙ የካቻቪቴውን የእንጨት እጀታ አንስቶ ቁልፉን ቀስ ቀስ እያለ ይመታዋል። እንደ በር ማንኳኳት። ብዙ ጊዜ አንኳኳ። በመጨረሻ ቁልፉ አንድ ደረጃ ያህል ዞረ። ማንም አይንካኝ አለና፣ ከሥር ባለች ጠባብ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ ሰዶ ገፋ፣ ቁልፉን ሳበ፣ የቁልፉ ቤት ተመዝዞ ወጣ። የአውራ ጣት ያህል ነው። ነጭ ሳህን አምጪ አለኝ። አመጣሁ።

ሳህኑ ላይ ሲያራግፈው እንደ እርድ የመሰለ ቢጫ ዱቄት ፈሰሰ። ነሐስ ነው። በውስጡ ከጥፍር የሳሱ የነሐስ ቅጠሎች ተደርድረዋል፤ ቁልፉ ሲገባ እያንዳንዱ በልኩ ተነስቶ መንገድ የሚለቅ ነው። ጫፋቸው ተበልቶ ክብ ሆኗል። አንዱ እንደ ዓሣ አጥንት ቀጥኗል። የተሰበረ የለም፣ የተጣመመ የለም፣ የተቧጠጠ የለም።

ሳህኑን እያስተካከልኩ፣ ሰው አንድ ነገር ቢከትበት፣ እንበል ማንኪያ፣ እንዲህ ያደርገዋል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«ማንኪያ?» አለ ሽማግሌው ቀና ብሎ። «ነሐስ በአንድ ቀን አይበላም፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ። ይህ የዓመታት ነው። በዚህ መጫወት የሚችለው ጊዜ ብቻ ነው።»

ከዚያ የወንድምየውን የቁልፍ ዘለላ በጣቱ አንጠልጥሎ አነሳው። የመጋዘኑ ቁልፍ፣ የጋዙ ሽቦ ቤት ቁልፍ፣ የግቢው፣ የቤቱ፣ አንድ የተዘጋ ጓጉንቸር ከነቁልፉ፣ የጠርሙስ መክፈቻ። ይህን ሁሉ ብረት አንድ ቁልፍ ላይ አንጠልጥለህ በራስ ኢምራን መንገድ ስትናወጥ፣ ቁልፉ በቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይሞርዳል፣ የሰው እጅ ያልኩት ያንተ ነው አለው።

ወንድምየው ሳቀ። «እንግዲያው እኔም ልማላ» አለ።

ሃጃ ቁርኣኑን በአረንጓዴ ጨርቁ ጠቅልላ ወደ ቤት ይዛው ገባች። ስትመለስ ምሳው ረፈደ አለች። ያገሬን ልጅ ያነሳ ሰው አልነበረም። እኔም አላነሳሁም። የማስታውሰው ደስታዬን ነው። ልጄ አላበላሸችም። ያን ጊዜ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው፤ አስቀድሜ ለአላህ ምስጋና አደረስኩ።

የቁልፉ ቤት የነበረበት ጎድጓዳ ውስጥ ሙሐንዲሱ ካቻቪቴ ከትቶ ቢያዞር ሞተሩ ተነሳ። ወንድምየው እንዳይሳሳት ብሎ ሽማግሌው አጠፋው፣ እንደገናም አስነሳው። ሁለት ጊዜ። ሌላ የቁልፍ ቤት እስካመጣልህ በዚህ ንዳ፣ ብታጠፋውም ይነሳልሃል አለው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ሄድን። ልጄን ከወገቤ ጋር አሰርኳት። የመጨረሻዎቹ ቤቶች ካለፉ በኋላ መንገዱ በግራ ባሕር፣ በቀኝ አሸዋ ነው፣ ጥላ የሚባል የለም። ልጄ በመስኮቱ ታያለች። «እማ፣ ያቻት» አለች።

በመንገዱ ዳር እየሄደች ነበር። የባሱን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ቆመች፣ ዞረች። ባሱ መሆኑን ስታይ ቋጠሮዋን ከራሷ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችው። እንደሚሳፈር ሰው። እመልስሻለሁ ብያት የለ።

ወንድምየው በመስተዋቱ ወደ እኔ አየ። «ካቆምኩ አይነሳም» አለ።

ውሸቱን እንደሆነ አውቃለሁ። ለመቆም ሞተር ማጥፋት አያስፈልግም፤ ቢጠፋም እንደሚነሳ ሁለታችንም አይተናል። እሱም ማወቄን ያውቃል። የጠበቀው መልስ እንድሰጠው ነው። አቁም ብለው ያቆም ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ፤ ክፉ ልብ አልነበረውም፣ ሰነፍ ልብ ነው ያለው። ግን ካቆመ ትገባለች፣ ከገባች አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ከተቀመጠች እስከ ራስ ኢምራን ድረስ ፊቷን ማየት አለብኝ።

«እሺ» አልኩት።

ጥሩምባ ነፋና አለፈ። አቧራው ሸፈናት። ልጄ፣ እማ እሷ ናት፣ እሷ እኮ ናት አለች። አይደለችም አልኳት። ናት አለች። ቆነጠጥኳት።

ስንመለስ እዚያ ቦታ አልነበረችም፣ ቋጠሮዋም አልነበረም። አሸዋው ላይ ከመንገዱ የወጣ የመኪና ጎማ ዱካ ነበር። በዚያ መንገድ ግን ምንጊዜም የጎማ ዱካ አይጠፋም። ራስ ኢምራን የነበሩ ያገር ልጆችን በየቀኑ ጠየቅኩ። እንዲህ ያለች ሴት አልደረሰችም አሉኝ።

በማግስቱ ሙሐንዲሱ ከተጋጨ ባስ የተፈታ ሌላ የቁልፍ ቤት ከነቁልፉ አመጣ። በሽቦ ገፋ አድርጎ አስገባው፣ ቀጭ አለ። ሽፋኑን መለሰ፣ አሥር ጊዜ ያህል አስነሳው አጠፋው። ቁልፉን ብቻውን ያዘው፣ ምንም አታንጠልጥልበት አለው። ወንድምየው እሺ አለና ሽማግሌው ዕቃውን ሲሰበስብ ቁልፉን እዚያው ዘለላ ላይ ከጓጉንቸሩ ጎን ሰካው። በሳምንቱ ሃጃ ሌላ ሠራተኛ አመጣች።

ከወራት በኋላ፣ በረመዳን፣ ያገሬ ልጅ ለምን እንዳልማለች ለሃጃ ነገርኳት። ስለ ማንኪያውም ነገርኳት። እየሰማችኝ ሽንኩርቷን ትልጥ ነበር። «የእሷን ያን ዕለቱኑ አውቄአለሁ» አለች። «እኔ ቃሌን ማጠፍ ከበደኝ። አንቺ ግን ምን ይዞሽ ነው? አፍ አልነበረሽም?» ሽንኩርቱን ተቀብዬ ልጣጩን ጨረስኩ።

ልጄ አሁን ሴት ሆናለች። ባለፈው ዓመት ፀጉሯን እያበጠረች ሳለ፣ እሷ ነበረች አይደል አለችኝ። ስለ ምን እንደምታወራ አልጠየቅኳትም። አዎ፣ እሷ ነበረች አልኳት።

ያገሬ ልጅ ቀጠን ያለች፣ ረዘም ያለች ናት። በግራ ክንዷ ላይ፣ ከአንጓዋ ከፍ ብሎ፣ ሃጃ ቤት ዘይት ያቃጠላት ጠባሳ አለ። ስትስቅ አፏን በሻርፗ ትይዛለች። አገሯ ከደሴ ወዲያ ነው። በብሬቃና በራስ ኢምራን መካከል፣ ወይም ከዚያ በኋላ የትም ቦታ፣ በሳዑዲ ይሁን በአገር ቤት፣ ያያት ወይም ስለ እሷ የሰማ ሰው ካለ ወሬዋን ይላክልኝ። ክፉም ቢሆን ይላክልኝ።